ሰማያዊዋ ጭረት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጥያቄ ላከልኝ። "ፍላጻዬ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሄዳል። አሰልጣኜ የጣትህ አለቃቀቅ ነው ይለኛል፤ እኔ ግን ጥፋቱ የፍላጻው ይመስለኛል። ማንን ልመን?" ይላል። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ልጅ ጠይቃኝ ነበር፤ ያን ጊዜ የሰጠኋት መልስ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ቀስት ለያዛችሁ ወጣቶች ሁሉ ልጻፈው።

ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ዝምተኛ ናት፤ ያሏትን ሁሉ ታደርጋለች። ሌሎቹ ዒላማ ካልመታን ብለው ሲቸኩሉ እሷ ፍላጻ የሚሰካበት የገለባ ክምር ፊት በሦስት እርምጃ ርቀት ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ስትገትርና ስትለቅ ትውላለች። ማነጣጠሪያ የሌለው የእንጨት ቀስት መረጥንላት። ክንፉ፣ ማለትም የሚጎብጠው ክፍሉ ላይ፣ 30 ፓውንድ የሚል ተጽፎበታል። ፍላጻውን ከራሴ ሰጠኋት፤ በከባዱ ቀስቴ የምወረውራቸው፣ ዘንጋቸው ሰማያዊ የተቀባ፣ ላባቸው ያልተነካ ስድስት ፍላጻዎች ነበሩ። በጣም ደስ አላት። እኔም ለጋስ የሆንኩ መሰለኝ። ስህተቱ የተሠራው ያኔ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ቀስት ላይ የሚጻፈው ፓውንድ አውታሩን ለመገተር የሚያስፈልገው ኃይል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አውታሩ እስከ 28 ኢንች ሲገተር የሚለካ ነው። የልጅቷ ክንድ አጭር ስለነበረ የምትገትረው እስከ 26 ኢንች ብቻ ነበር። በእያንዳንዱ ኢንች ሁለት ፓውንድ ያህል ስለሚቀንስ፣ ጣቷ ላይ የነበረው ኃይል 26 ፓውንድ ቢሆን ነው። እኔ የሰጠኋት ፍላጻ ግን ለ45 ፓውንድ ቀስት የተመረጠ ነበር፤ ስፓይኑ 500 ነው። ስፓይን የሚሉት የዘንጉን ግትርነት ነው። ዘንጉን 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አስተኝተው መሐሉ ላይ 880 ግራም ያንጠለጥሉበታል። ግማሽ ኢንች ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ከጎበጠ 500 ይባላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘንጉ ይለሰልሳል፤ ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። ለእሷ ቢያንስ 700፣ እንዲያውም 800 ነበር የሚያስፈልጋት።

ፍላጻ አውታሩን ሲለቅ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ጣት አውታሩን ወደ ጎን ገፋ ስለሚያደርገው ዘንጉ ይጎብጣል፤ እንደ ዓሣ እየተወዛወዘ በቀስቱ ጎን ዞሮ ያልፋል። ክላረንስ ሂክማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ለሁሉም አሳይቶታል። መጠኑን የጠበቀ ዘንግ ጎብጦ ሲመለስ ጭራው ቀስቱን ሳይነካ ያልፋል። ከመጠን በላይ ግትር የሆነ ዘንግ ግን መጉበጥ ስለማይችል ቀስቱን ይገፋዋል፤ በቀኝ እጁ ለሚገትር ሰው ወደ ግራ ይሸሻል። ይህን ሁሉ ያኔም አውቀው ነበር። ለሌሎች አስተምረው ነበር።

ልጅቷ ስትወረውር ስድስቱም ፍላጻ ከመሐሉ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ይሰካ ነበር። ስድስቱም ግን በአንድ ጡጫ ስፋት ውስጥ ነበሩ። ይህን ልብ በሉልኝ። አለቃቀቁ የተበላሸ ሰው ፍላጻውን ይበትነዋል፤ አንዱ ግራ፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ ከገለባው ውጭ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ እየደጋገመ የሚሳሳት እጅ ግን ትክክለኛ እጅ ነው። እኔ ያየሁት ግራ መሄዱን ብቻ ነበር። "ጣትሽን ወደ ውጭ እየጎተትሽ ነው" አልኳት፤ እሱም ፍላጻን ወደ ግራ ይወስዳልና ነገሩ እውነት ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀስቷን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ" አለችኝ። ፍላጻው ከሚያርፍበት በላይ፣ ጎኑ ላይ በተለጠፈው ቆዳ ላይ፣ የጥፍር ርዝመት ያላት ሰማያዊ ጭረት ነበረች። የዘንጉ ቀለም ነው። አንደኛው ላባ ደግሞ ከሥሩ ተላልጦ ነበር። ምስክሩ እጄ ላይ ተቀምጦልኛል። እኔ ግን ቆሜ እንዳለሁ በዓይኔ ገረፍ አድርጌ፣ "ጣትሽ ሲስተካከል ይጠፋል" ብዬ መለስኩላት። "እሺ" አለች። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀችኝም።

አራት ወር እንዲሁ አለፈ። በየሳምንቱ ጣቷን ሳርም ከረምኩ። በመጨረሻ አውታሩን ለመልቀቅ መፍራት ጀመረች፤ ገትራ ትቆያለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ድንገት ትነጥቀዋለች። ያልነበረባትን ጉድለት እኔ ፈጠርኩባት። አንድ ቅዳሜ ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች። ቀስቱን ከማስቀመጫው ሳወጣ ስድስቱ ፍላጻዎች ተወልውለው፣ በክር ታስረው አጠገቡ ተቀምጠው አገኘሁ።

ከሳምንታት በኋላ ቀስቱን ለሌላ ልጅ ልሰጥ ብዬ ሞከርኩት። እኔው ራሴ ወረወርኩ፤ ግራ። ደገምኩ፤ ግራ። ከአንዱ ላይ ላባውን በቢላ ላጥኩና በ18 ሜትር ርቀት ለቀቅኩት፤ ከሌሎቹ ሁለት ስንዝር ግራ ርቆ ተሰካ። ለስላሳ ዘንግ ፈልጌ ስወረውር መሐል ገባ። ሥራው ሁሉ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልወሰደም። አፈላልጌ ደወልኩላትና "ጥፋቱ የአንቺ አልነበረም" አልኳት። "ያኔም አውቅ ነበር ጋሼ" አለችኝ። በአክብሮት ነው የተናገረችው፤ ቁጣ እንኳ አልነበረባትም። ቀስት ግን ተመልሳ አልያዘችም።

እንግዲህ ሥራውን ልንገራችሁ። ስለ ጥንቃቄ አልጽፍም፤ እሱን የማያውቅ ቀስት መያዝ የለበትም። መጀመሪያ እስከ ስንት ኢንች እንደምትገትሩ ሌላ ሰው ይለካላችሁ፤ በዚያ ርዝመት ላይ ቀስቱ ስንት ፓውንድ እንደሚሆን በሚዛን እዩ። አውታሩ ከእጀታው የሚርቅበትን ልክ ቀስቱን የሠራው ሰው ባለው ክልል ውስጥ አድርጉ፤ አውታሩን በመጠምዘዝ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ድምፁ የሚለዝብበት ቦታ አለ። ፍላጻው አውታሩ ላይ የሚሰካበትን ነጥብ ፍላጻው ከአውታሩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ከሚሠራበት ቦታ ግማሽ ኢንች ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። ዝቅ ካለ ፍላጻው ማረፊያውን መትቶ ይነጥርና የውሸት ምልክት ይሰጣችኋል። የመጀመሪያው መምህሬ ፍላጻውን አውታሩ ላይ ሰክተው ወደ መሬት ያንጠለጥሉትና አውታሩን በጣታቸው መታ ያደርጉት ነበር፤ በቀላል ምት ካልወደቀ "ነክሷል" ብለው ይጥሉታል። እኚያ ሰው ማረፊያውን ዱቄት ቀብተው ላባው የነካበትን ይፈልጉ ነበር። በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። እኔ መንበርከክ አቃተኝ።

ከዚያ ላባ ካላቸው ሦስት ፍላጻዎች ጋር ላባ የሌለው አንድ ወርውሩ፤ መጀመሪያ ከቅርብ፣ ቀጥሎ ከ18 ሜትር። ጭራው ወዴት እንደዞረ አይሸውዳችሁ፤ የተሰካበትን ቦታ እዩ። በቀኝ ለሚገትር፣ ላባ አልባው ግራ ከሆነ ዘንጉ ግትር ነው፤ ቀኝ ከሆነ ለስላሳ ነው። በግራ ለሚገትር ይገለበጣል። ግትር ከሆነ ከበድ ያለ ራስ ግጠሙለት፤ ለስላሳ ከሆነ ቀለል ያለ። መቁረጥ ዘንጉን የበለጠ ግትር ያደርገዋል፤ ነገር ግን የተቆረጠ አይቀጠልምና መጨረሻ ላይ አድርጉት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ያናድዱኛል። ሦስት ቀን ወርውረው አልሆነም ሲሉ አዲስ ፍላጻ ይገዛሉ፤ እጃቸው ገና ሳይረጋ በስልክ አስልተው ስፓይን ይነግሩኛል። ዓመት ሙሉ አንዱን ቀስት ያዙ፣ እጃችሁን አስተካክሉ፣ ዕቃውን አትንኩ እላቸዋለሁ። አሁንም እላለሁ። ልጅቷን ግን የጎዳኋት ይህንኑ እያልኩ ነው። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው ከብዙ ዓመት በኋላም አልጨረስኩትም። ብቻ የእናንተ ትውልድ "ለምን?" ብሎ ደግሞ ይጠይቃል፤ እኛ አንጠይቅም ነበር፤ እሷም አንዴ ጠይቃ ዝም አለች።

ለጠየቅከኝ ልጅ፦ ስድስት ፍላጻ ወርውርና በስንት ስፋት ውስጥ እንደተሰኩ ለካ። ከዚያ አውታሩን ፍታና ቀስቱን መብራት ሥር አምጣው፤ ከማረፊያው በላይ ያለውን ጎን በጣትህ ዳስሰው፣ የላባዎቹንም ሥር እይ። ጭረት ካገኘህ ቀስቱን ለአሰልጣኝህ አሳየው። ቆሞ ካየው "ቁጭ ብለው ይዩልኝ" በለው።