ውስኪ በድሬ ሙቀት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ውስኪ በበረዶ ስጠጣ ጓደኞቼ «አበላሸኸው» እያሉ ይስቁብኛል። እውነት ይበላሻል?

መልስ፦ ጓደኞችዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቅዝቃዜ ሽታን ያፍናል፤ የውስኪን ጣዕም በአብዛኛው የምንለየው ደግሞ በአፍንጫችን ስለሆነ፣ በበረዶ የተሞላ ብርጭቆ ከመጠጡ ጥሩ ጥሩውን ይወስድብናል። ይሁንና ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ፣ በግንቦት ምሽት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ውስኪ ራሱ ሞቅ ስለሚል፣ ከሽታው ቀድሞ አልኮሉ አፍንጫን ይወጋል። ስለዚህ እኔ በዚህ ከተማ አንድ ትልቅ በረዶ እፈቅዳለሁ፤ ትንንሾቹ ቶሎ ቀልጠው መጠጡን ያቀጥኑታልና። በረዶውን ግን በቧንቧ ውሃ አይሥሩት። የማንቆርቆሪያዎን ውስጥ ይመልከቱ፤ ያ ነጭ ቅርፊት ውሃችን ተሸክሞት የመጣው ኖራ ነው፤ በረዶው ሲቀልጥም ብርጭቆዎ ሥር ይዘቅጣል። የታሸገ ውሃ ይሻላል።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ እኔ ውስኪ የምጠጣው በአምቦ ውሃ ነው። ተራ ውሃ ይሻላል የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ጥማት ለመቁረጥ ከሆነ አምቦ ጥሩ ነው፤ ውስኪውን ለማጣጣም ከሆነ ግን የአምቦ ማዕድን የራሱ ጣዕም ስላለው መጠጡን ይጫነዋል። ተራ ውሃ መጨመር ደግሞ አላዋቂነት አይደለም፤ የስኮትላንድ ውስኪ ቀማሚዎች ራሳቸው በርሜል ሲመርጡ አልኮሉን ወደ 20 በመቶ ገደማ አውርደው ነው የሚያሸትቱት። በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለት የስዊድን ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ለውስኪ የጢስ ቃና የሚሰጠው ጓያኮል መጠጡ በውሃ ሲቀጥን ወደ ፈሳሹ ገጽ፣ ማለትም ወደ አፍንጫዎ ይቀርባል። በሻይ ማንኪያ እየጨመሩ ይቅመሱ፤ የት ላይ ማቆም እንዳለብዎ ምላስዎ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ በኮካ መጠጣትስ ነውር ነው?

መልስ፦ አይደለም። የ18 ዓመቱን ብቻ አያድርጉት፤ ለገንዘብዎ አዝናለሁ።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ከውጭ የመጣልኝ የአይላ ውስኪ እንደ ሆስፒታል ይሸታል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። አይላ የስኮትላንድ ደሴት ናት፤ በዚያ ብዙዎቹ ጠማቂዎች ብቅሉን የሚያደርቁት ከረግረግ በሚቆረጥ፣ ፒት በሚባል የበሰበሰ ዕፅዋት ጢስ ሲሆን፣ ከጢሱ የሚመጣው ፌኖል ከቁስል ማጠቢያ መድኃኒት ሽታ ጋር ዝምድና አለው። የጠላ ጋን በወይራ ታጥኖ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፦ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ካልወደድኩት ጠርሙሱን ለሚወደው ሰው እሰጣለሁ።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ለልጄ ሠርግ ያስቀመጥኩት የ12 ዓመት ውስኪ አሁን ስድስት ዓመት ሆኖታል። 18 ሞላው ማለት ነው?

መልስ፦ አልሞላውም፤ አሁንም 12 ነው ብለው ያስተዋውቁት። ውስኪ ዕድሜ የሚቆጥረው በእንጨት በርሜል ውስጥ ብቻ ነው፤ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ቆጠራው ይቆማል። በተቀላቀለ ውስኪም ቢሆን የሚጻፈው ቁጥር የትንሹን ዕድሜ ያመለክታል። አልኮሉ ቡሹን እንዳይበላው ጠርሙሱን አቁመው፣ ብርሃን በማያገኘው ቁም ሣጥን ያኑሩት፤ ጀርባው የሚግለው ፍሪጅ አናት ላይ ግን በፍጹም አይሁን። ከሠርጉ የተረፈውንም ጠርሙሱ ከግማሽ በታች ከወረደ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጨርሱት፤ አየር ሲበዛበት ሽታው ይደክማል።