የጡት ካንሰርና የሆርሞን ተቀባዮች፦ የጠየቃችሁኝና መልሴ

የምሠራው ፓቶሎጂ ክፍል ነው፤ የካንሰር ናሙና በየቀኑ አያለሁ። ከጥያቄዎቻችሁ ብዙ ሰው የሚጋራቸውን አስቀድሜአለሁ።

ጥያቄ፦ የእናቴ ውጤት «ኢአር ፖዘቲቭ» ይላል። ክፉ ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ኢአር የኢስትሮጅን ተቀባይ ማለት ነው፤ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚይዝ የሴል ፕሮቲን። ከ10 የጡት ካንሰሮች 7 ወይም 8ቱ ይህ ተቀባይ አላቸው። ከናሙናው ስስ ቁራጭ መስታወት ላይ አድርገን በአንቲቦዲ ስንመረምረው፣ ተቀባዩ ያለበት ሴል ኒውክለሱ ቡናማ ይሆናል። ከ100 የካንሰር ሴሎች 1ዱ እንኳ ቡናማ ከሆነ ፖዘቲቭ ነው፤ ከ1 እስከ 10 ከሆነ ግን «ዝቅተኛ» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ቁጥሩንም ጠይቂ። ደስ የሚለው፣ ለዚህ ዓይነቱ እንደ ታሞክሲፈን ያለ በክኒን የሚወሰድ መድኃኒት አለ።

ጥያቄ፦ ሆርሞኑ ካንሰሩን እንዴት ያሳድገዋል?

መልስ፦ ኢስትሮጅን ሲይዘው ተቀባዩ ቅርጹን ይቀይርና ዲኤንኤ ላይ ያርፋል። አጋዥ ፕሮቲኖችን ይጠራል፤ ሴሉ እንዲከፋፈል የሚያደርጉ እንደ ሳይክሊን ዲ1 ያሉ ጂኖች ይነሳሉ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላው ገጽታው ነው፤ ያው ተቀባይ የሴልን መባዛት የሚገቱና ሴሉን ወደ ሞት የሚወስዱ ጂኖችን ያፍናል። ካንሰሩ ከሁለቱም በኩል ይጠቀማል።

ጥያቄ፦ ታሞክሲፈን ሆርሞኑን ያጠፋዋል?

መልስ፦ አያጠፋውም፤ ቦታውን ይይዝበታል። ታሞክሲፈን የያዘው ተቀባይ ቅርጹ ስለሚለይ አጋዦቹ አይጠጉትም። በእነሱ ፈንታ ኤንኮር እና ስመርት የተባሉ አፋኝ ፕሮቲኖች ይመጣሉ፤ ሂስቶን ዲአሴቲሌዝ የሚባለውን ኢንዛይም ይዘው። ያን ጊዜ ዲኤንኤው ይጠቀለልና ጂኑ ይዘጋል። ማህፀን ውስጥ ግን የፕሮቲኖቹ ሚዛን ሌላ ስለሆነ መድኃኒቱ እንደ ኢስትሮጅን ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ካረጣችሁ በኋላ ደም ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ሴቶች ላይ ለምን መሥራቱን ያቆማል?

መልስ፦ መንገዱ ብዙ ነው። በ2008 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች አንዱን አሳዩ፦ በታሞክሲፈን የተያዘው ተቀባይ ፓክስ2 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሆኖ ኸር2 የተባለውን፣ ሴል እንዲያድግ የሚገፋፋ ጂን ያፍናል። ፓክስ2 ሲያንስ ኤአይቢ1 የሚባለው አጋዥ ቦታውን ይወስዳል፤ ኸር2 ይነሳል፤ ዕጢው መድኃኒቱን እየተቋቋመ ያድጋል። በሌሎች ደግሞ የተቀባዩ ጂን ራሱ ይለወጥና ያለ ሆርሞንም ይሠራል። ይህ በብዛት የሚታየው አሮማቴዝን (ኢስትሮጅን የሚሠራውን ኢንዛይም) የሚገቱ መድኃኒቶችን በወሰዱ፣ በሽታው በተሰራጨባቸው ታማሚዎች ነው።

ጥያቄ፦ ጤንነቴ ተመልሷል፣ ክኒኑን ላቁም?

መልስ፦ እባክሽ በራስሽ አታቁሚ። የተዘጋው ጂን ተዘግቶ የሚቆየው መድኃኒቱ ሰውነትሽ ውስጥ እስካለ ነው፤ ለዚህም ነው 5 ዓመት፣ ለአንዳንዱ እስከ 10 ዓመት የሚታዘዘው። ድንገት የሚመጣው የሙቀት ስሜት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመሙ ከከበደሽ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ መላ አለው። የድብርት መድኃኒት ከሆነ የምትወስጂው ስሙን አሳዪ፤ ፓሮክሰቲንና ፍሉኦክሰቲን ጉበት ታሞክሲፈንን ወደሚሠራው ቅርጽ እንዳይለውጠው ያውካሉ።

ጥያቄ፦ ወንድንስ ይይዛል?

መልስ፦ አዎ፣ ከ100 የጡት ካንሰሮች 1 ያህሉ የወንድ ነው፤ አብዛኛውም ኢአር ፖዘቲቭ ነው። ወንድሜ፣ ጡትህ ላይ እብጠት ካገኘህ አሳየው።