የአንድ ሌሊት ትራንዚት በኮፐንሃገን፦ ከእናትዎ ጋር ለመውጣት ላሰቡት እኅታችን

ከሎስ አንጀለስ ወደ አዲስ አበባ ከእናትዎ ጋር በሰኔ አጋማሽ ሲጓዙ ኮፐንሃገን ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ገብተው በማግስቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ወደ ኢስታንቡል እንደሚነሱ፣ ሻንጣችሁም በቀጥታ አዲስ አበባ እንደሚደርስ ገልጸው፣ «አየር ማረፊያው ውስጥ እንደር ወይስ ወጥተን ከተማውን እንይ?» ብለው ጠይቀዋል። እርስዎ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ እናትዎ ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ እንዳላቸውም ጽፈዋል። እኔ በዚህ ከተማ ሁለት የትራንዚት ሌሊቶችን አሳልፌአለሁ፤ የመጀመሪያውን አየር ማረፊያው ወንበር ላይ፣ ሁለተኛውን ከእናቴ ጋር ከተማው ውስጥ። መልሴ «ውጡ» የሚል ነው፤ ሆኖም ከሆቴሉም ከጉብኝቱም በፊት የእናትዎ ወረቀት መስተካከል አለበት።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች፣ ማለትም ዴንማርክን ጨምሮ በጋራ ቪዛ በሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች፣ አየር ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ ግሪን ካርድ ያለው ከዚህ ግዴታ ነጻ ይሆናል። ይህ ነጻነት ግን የሚያገለግለው በዓለም አቀፉ የማለፊያ ክልል ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ወደ ከተማው የሚያስወጣው የሸንገን ቪዛ ብቻ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሌሊት ወንበር ላይ ያደርኩት ይህን ሳላውቅ፣ ግሪን ካርዴን ተማምኜ ስለሄድኩ ነው። በረራችሁ ወደ ኢስታንቡል ስለሆነ እናትዎ ያለ ቪዛም ቢሆን ማለፍ ይችላሉ፤ ቀጣዩ በረራ ወደ ቪየና ወይም ወደ ፍራንክፈርት ቢሆን ኖሮ ግን፣ ከአንድ የሸንገን አገር ወደ ሌላው የሚደረግ ጉዞ እንደ አገር ውስጥ ስለሚቆጠር፣ ኮፐንሃገን ላይ የፓስፖርት ቁጥጥር አልፎ መግባት ግድ ይሆን ነበር። ትኬት የሚቀይሩ ከሆነ ይህን አይዘንጉ። የቪዛ ማመልከቻውንም ብዙ አስቀድመው ያስገቡ፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን የቪዛ መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ለእርስዎ በአሜሪካ ፓስፖርት ቪዛ አያስፈልግም። ከጥቅምት 2025 ወዲህ ግን የአውሮፓ ዜጋ ያልሆነ እንግዳ ሁሉ ድንበር ላይ የጣት አሻራና የፊት ፎቶ ስለሚሰጥ፣ ሰልፉን አስበው እስከ 10 ሰዓት ድረስ ከአየር ማረፊያው ላትወጡ እንደምትችሉ ይገምቱ። ቪዛው ካልተገኘ ደግሞ እናትዎን ብቻቸውን ትተው እንዲወጡ አልመክርዎትም፤ ቆይታው አጭር ወደሆነ በረራ መቀየር ይሻላል።

ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማው ባቡርም ሜትሮም አለ። ባቡሩ ወደ ዋናው ጣቢያ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ እኔና እናቴ ግን በተቃራኒው መስመር ላይ የቆመውን ባቡር ተሳፍረን፣ እናቴ «ባሕር ላይ ነው እንዴ የምንሄደው?» ስትል ነው ወደ ስዊድን የሚያሻግረው የኤሬሱንድ ድልድይ ላይ መሆናችንን ያወቅነው። ከወዲያ ማዶ የመታወቂያ ቁጥጥርም ስላለ፣ ለመመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ አጠፋን። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው ሜትሮውን ነው፤ አየር ማረፊያው የኤም 2 መስመር መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ የሚነሳው ሁሉ የሚሄደው ወደ ከተማው ነውና መሳሳት አይቻልም። ከተርሚናል 3 ተነስቶ ኮንገንስ ኒቶርቭ የሚባለው አደባባይ ለመድረስ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ሌሊቱን ሙሉም ይሠራል። ሾፌር የለውም፤ እናትዎን የፊተኛው መስኮት አጠገብ ያስቀምጧቸው፣ እናቴ እስከ ዛሬ የምታወራው ስለዚያ ነው። መግቢያው ላይ በር ወይም መከልከያ ስለሌለ ትኬት የማያስፈልግ ይመስላል፤ ተቆጣጣሪዎች ግን ውስጥ ይዞራሉ፣ ቅጣቱም ከባድ ነውና ከመሳፈራችሁ በፊት ይግዙ። የአገሩ ገንዘብ ዩሮ ሳይሆን ክሮነር ነው፤ ሁሉም ቦታ በካርድ ስለሚከፈል ገንዘብ መመንዘር አያስፈልግም።

ሆቴሉን በዋጋ ብቻ አይምረጡ። በዚሁ በኤም 2 መስመር ላይ፣ ለምሳሌ በክርስቲያንስሃቭን ወይም በኖርፖርት ጣቢያ አካባቢ ቢሆን ጠዋት መስመር ሳትቀይሩ ወደ አየር ማረፊያው ትመለሳላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሰኔ አጋማሽ በኮፐንሃገን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ወንበር ላይ ያደርኩት በታኅሣሥ ነበርና፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሲጨልም በመስኮት አይቻለሁ፤ የእናንተ ጉዞ ግን በተባረከው ወቅት ስለሆነ፣ ከአየር ማረፊያው አስር ሰዓት ላይ ብትወጡም ስድስት ሰዓት የሚሆን ብርሃን ይተርፋችኋል። ይህን ብርሃን ከአንዱ ሙዚየም ወደ ሌላው በመሮጥ አታባክኑት። አንድ መንገድ መርጣችሁ በቀስታ ተራመዱ። ከኮንገንስ ኒቶርቭ ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ ኒሃቭን ትደርሳላችሁ፤ በ1670ዎቹ የተቆፈረ የመርከብ ቦይ ነው፣ በሁለቱም ወገን ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ የተቀቡ ጥንታዊ ቤቶች ተደርድረዋል። የተረት ጸሐፊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በተለያየ ጊዜ በሦስቱ ውስጥ ኖሯል። እዚያ ያሉት ምግብ ቤቶች ውድ ናቸውና ፎቶ አንሥታችሁ እለፉ። ቦዩ ከባሕሩ በሚገናኝበት በስተግራ በኩል የቴአትር ቤት የእንጨት መድረክ ውኃው ላይ ተዘርግቷል፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይቀመጥበታል። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ከአንድ ሰዓት በላይ የተቀመጠችው እዚያ ነው፤ ከጉዞው ሁሉ ያ ሰዓት ይበልጥብኛል። ከዚያ የውኃውን ዳር ይዛችሁ አማሊየንቦርግ የሚባለውን የንጉሡን ቤተ መንግሥት ታገኛላችሁ፤ አራት ተመሳሳይ ሕንፃዎች አንድ አደባባይ ከብበው፣ በአንድ ወገን የእብነ በረድ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ወገን ከውኃው ማዶ ኦፔራ ቤቱ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑ በ1749 ተጀምሮ በ1894 የተጠናቀቀ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ስለሚበዛበት እናትዎ ተረከዘ ዝቅተኛ ጫማ ያድርጉ፤ ቢደክማቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሜትሮ ጣቢያ አለ፣ አንድ ፌርማታ ሄዶ ወደ ኮንገንስ ኒቶርቭ ይመልሳችኋል። ሁሉም ሰው የሚጠይቃት፣ የአንደርሰን ተረት ግማሽ ሴት ግማሽ ዓሣ የሆነችው ልጅ ሐውልት ከዚያ ገና ሃያ ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፤ ቁመቷ 1.25 ሜትር ብቻ ነው፣ አብረው ያሉት እናት ከሆኑ ብትቀር ይሻላል ባይ ነኝ።

በሐውልቷ ምትክ፣ ጊዜ ከተረፈ፣ ኖርፖርት አጠገብ ያለውን ክብ ግንብ እመርጣለሁ። በ1642 የተጠናቀቀ የኮከብ መመልከቻ ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ሳይሆን እየዞረ የሚወጣ 209 ሜትር ዳገት ነው፤ የሩሲያው ጴጥሮስ ታላቁ በ1716 በፈረስ ወጥቶበታል። ጉልበት የሚያማቸው ሰዎችም ቀስ ብለው ይወጡታል፤ ጠባብ ደረጃ የሚገጥማችሁ ጫፉ ላይ ብቻ ነው።

ስለ ምግብ፣ ጉዞአችሁ በጾመ ሐዋርያት ላይ የሚውል ከሆነ አትጨነቁ። የዴንማርኮች ዝነኛ ምግብ በጥቁር ዳቦ ላይ ዓሣ፣ ሥጋ ወይም እንቁላል የሚደረደርበት ነው፤ ለጾመኛ ግን ኖሬብሮ በሚባለው ሰፈር ጥሩ ፈላፈል በርካሽ ይገኛል። «ያለ እርጎ» ማለትን አይርሱ፤ ማባያው ብዙ ጊዜ እርጎ አለበት። የቧንቧው ውኃ ንጹሕ ስለሆነ ጠርሙስ ይዞ መሙላት ነው።

እናትዎ መድኃኒታቸውን፣ የአንድ ቀን ልብስና ጃኬት በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ዋናው ሻንጣ አልፎ ይሄዳል፣ ምሽት ላይ ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስም ያለ ጃኬት አይቻልም። ጎህ የሚቀድደው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል በፊት ስለሆነ መጋረጃውን በደንብ ዝጉ፤ እናቴ ረፍዷል ብላ ቀስቅሳኛለች። ትኬቱ ላይ 10፡30 የሚለው የአገራችን 4 ሰዓት ተኩል መሆኑንም አብራችሁ አረጋግጡ። ወደ ኢስታንቡል ለመብረር ከፍተሻው በኋላ የፓስፖርት ቁጥጥር ስላለ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ30 ላይ ሜትሮው ውስጥ ብትሆኑ ሳትጣደፉ ትደርሳላችሁ። ክርስቲያንስሃቭን ካደራችሁ ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት በቦዩ ዳር ለመራመድ ይበቃችኋል፤ በዚያ ሰዓት ጀልባዎቹና ወፎቹ ብቻ ናቸው።