መልስ፦ ከወሊድ በኋላ አብሽና ጤና አዳም ይጠጣል ወይ ላልሽው
እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! ወተት እንዲጨምርልሽ አብሽና ጤና አዳም አፍልተሽ እየጠጣሽ ልጁን ይጎዳው ይሆን ነው ያልሽው አይደል፣ ሁለቱን ለያይተሽ እዪያቸው።

አብሽ ወተት ይጨምራል የሚለው ማስረጃው ደካማ ነው፣ የሚምሉበት እናቶች ግን ብዙ ናቸው። ደም ውስጥ ያለ ስኳር ዝቅ ስለሚያደርግ የስኳር መድሃኒት፣ ወይ ደግሞ ደም መፍሰስን ሊያባብስ ስለሚችል ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድሃኒት) የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ እንዳትቀጥዪ፣ የኦቾሎኒ ወይ የሽምብራ አለርጂ ካለብሽም ተዪው፣ ዘመዳሞች ናቸው። ደሞ የሚያስደነግጥ ነገር አለው፣ ሶቶሎን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ላብሽም የልጁ ሽንትም የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፣ ዳይፐር ስትቀይሪ ታውቂዋለሽ፤ ችግሩ በዘር የሚመጣ አንድ ከባድ በሽታም ልክ እንደዛ ይሸታል፣ ስለዚህ ለሐኪሙ አብሽ እየጠጣሁ ነው በዪው፣ ልጁ አልጠባ ካለ ወይ ከፈዘዘ ግን በአብሽ አሳበሽ ቤት እንዳትቀመጪ።

ጤና አዳሙን እኔ ብሆን አልጠጣውም። ፉራኖኩማሪን የሚባለው ኬሚካሉ ቅጠሉ የነካው ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ አቃጥሎ ውሃ ያስቋጥራል (እጄ ላይ አይቼዋለሁ)፣ በብዛት ሲጠጣ ደግሞ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል። ደም መፍሰሱ ከጨመረ ወይ ካተኮሰሽ ቅጠል ማፍላቱን ትተሽ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ።