ልጄ ኩዋላ ሉምፑር ምን ትበላለች?

ጥያቄ፦ ልጄ ማሌዢያ፣ ኩዋላ ሉምፑር ውስጥ የትምህርት ዕድል አግኝታ በሚቀጥለው ወር ትሄዳለች። ሙስሊሞች ነን። አገሩ የሙስሊም ነው ብለን ስለ ምግቡ አላሰብንም ነበር። አሁን አንድ ዘመዳችን «እዚያ ሁሉም ቤት ሐላል አይደለም» ሲለን ደነገጥኩ። ገንዘቧም ትንሽ ነው። የት ትብላ? ምን ብላ ትዘዝ?
የተማሪዋ እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አልዎት። እኔም እዚያው አራት ዓመት ተምሬያለሁ። የበላሁትም በአብዛኛው መንገድ ዳር ነው።

ዘመድዎ እውነቱን ነው። ማሌዢያ ውስጥ ማሌዮች፣ ቻይናዎችና ሕንዶች አብረው ነው የሚኖሩት። ኮፒቲያም ከሚባሉት የቻይናዎቹ ቡና ቤቶች ብዙዎቹ የአሳማ ሥጋ ይሸጣሉ። ደጃፉ ላይ «አሳማ የለም» የሚል ጽሑፍ ብታይም በዚያ ብቻ አትመን። አሳማ የለም ማለት ዶሮው በቢስሚላህ ታርዷል ማለት አይደለም። የጃኪምን ምልክት ትፈልግ። ጃኪም የመንግሥት የእስልምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ነው። ምልክቱ ክብ ሆኖ መሐሉ ላይ በዐረብኛ «ሐላል» ይላል።

ትንንሾቹ የማሌይ ምግብ መሸጫዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱን የሚያሰጠው የሐላል ምስክር ወረቀት የላቸውም። ይህ አያስጨንቅዎት። ወረቀቱ በግዴታ የሚወጣ አይደለም። የአገሩ ሕገ መንግሥት ራሱ ማሌይን ሲተረጉም እስልምናን የሚከተል ይላል። ሻጯ ለልጆቿ የምታበላውን ነው የምትሸጠው። ማማክ የሚባሉትም የሕንድ ሙስሊሞች ቤቶች ናቸው። ብዙዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠሩ ለፈተና ሰሞን ባለውለታዎቼ ነበሩ። እዚያ ሮቲ ቻናይ ትዘዝ። ሊጡ እንደ ወረቀት ሳስቶ ተዘርግቶ፣ ታጥፎ የሚጋገር ቂጣ ነው፤ ከምስር መረቅ ጋር ይመጣል። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል።

ለቁርስ ናሲ ለማክ አለላት። በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ ነው። ከላዩ ሳምባል የሚሉት የበርበሬ ድልህ፣ የተጠበሰ ትንንሽ ደረቅ ዓሣ፣ ለውዝ፣ በስሱ የተቆረጠ ኪያር፣ ቁራጭ እንቁላል ይደረግበታል። በሙዝ ቅጠል ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። ሳምባሉ ያቃጥላል፣ ግን ጣፋጭነትም አለው። የእኛን በርበሬ የለመደ አፍ ይችለዋል። በጠዋት ትውጣ፤ ጥሩው ቶሎ ያልቃል።

ምሳ ላይ ግን ጠንቀቅ ትበል። ናሲ ቻምፑር የሚባለው ቤት ውስጥ ወጡ ሁሉ ተደርድሮ ይቆያል፣ ሰው ሳህኑን ይዞ ራሱ ይጨልፋል። ዋጋውን ሻጩ ሳህኑን በዓይኑ አይቶ ነው የሚናገረው። በመጀመሪያው ሳምንቴ ሽሪምፕም ስኩዊድም ጨምሬ፣ በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ሂሳብ ጠየቅሁ። የሦስት ቀን የምሳ ገንዘቤ በአንድ ሳህን ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሳልቀመጥ ሳህኔን አሳይቼ «ብራፓ?» እላለሁ፤ ስንት ነው ማለት ነው። አንድ ዶሮ፣ ሁለት ዓይነት አትክልት፣ ከላዩ መረቅ ከሆነ ኪስ አይጎዳም።

ሻይ ስታዝ «ቴህ» ካለች በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ያመጡላታል። ያለ ወተት ከፈለገች «ቴህ ኦ» ትበል። ስኳር እንዲቀንሱላት «ኩራንግ ማኒስ»፣ ይዛ ለመሄድ «ቡንግኩስ» ነው። እንደኛው በቀኝ እጅ ይበላል፣ መታጠቢያውም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ሩዙን በጣቶቿ ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ በአውራ ጣቷ ወደ አፏ ትግፋው። በሁለት ቀን ትለምደዋለች።

ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ብዙ የማሌይ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ቀደም ብላ ትብላ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሻጯ በዕድሜ ገፋ ያለች ከሆነች «ማክ ቺክ» ብላ ትጥራት። እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። ወጣት ከሆነች «ካክ» ትበላት፤ እህቴ ማለት ነው። እኔ አንዷ ጋ ስመላለስ «አዲክ» ብላ ትጠራኝ ጀመር፤ ታናሽ ወንድሜ እንደማለት ነው። በፈተና ሰሞን ፊቴን አይታ ሩዙ ላይ አንድ እንቁላል ትጨምርልኝ ነበር። ልከፍላት ስል እጄን ትመልሰው ነበር።