ምሽግ ቀጥ ተደርጎ አይቆፈርም

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ደብተሯን ይዛ መጣች። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት እያነበበች ነበር። «ጋሼ፣ ምሽጉን ሰብረው ማለፍ ካቃታቸው ለምን ዞረው አልሄዱም?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም።

ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1914 ጀርመኖች ፈረንሳይ ውስጥ ማርን ወንዝ ላይ በፈረንሳዮችና በእንግሊዞች ከተገቱ በኋላ ወደ ኋላ ስበው ቆፍረው ተቀመጡ። ከዚያ ሁለቱም ወገን አንዱ የሌላውን ጎን ለመዞር ወደ ሰሜን ተሽቀዳደመ። ባሕሩ ላይ ሲደርሱ መዞሪያ አለቀ። ከስዊዘርላንድ ድንበር እስከ ሰሜን ባሕር ወደ 700 ኪሎ ሜትር ምሽግ፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚያደርሰውን መንገድ ያህል ማለት ነው።

ይህን እያስረዳኋት ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደብኝ።

1985 ዓ.ም. ነው፣ እዚሁ አዳማ። ያኔ ናዝሬት ነው የምንላት፤ ባጃጅ የለም፣ ሰው በጋሪ ነው የሚሄደው፣ የጥር ነፋስ አቧራውን እስከ ክፍል ውስጥ ይዞት ይገባል። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሠመርኩ፤ ይህ የጀርመን ምሽግ፣ ይህ የእንግሊዝ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መስኮቱ ሥር ቆመው ይሰሙኝ ነበር። የተበተነው ጦር ወታደር ነበሩ፤ ኤርትራ ውስጥ ናቅፋ ፊት ለፊት ዓመታት ያሳለፉ ሰው።

በዕረፍት ሰዓት ጠጋ ብለው «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምሽግ ቀጥ ተደርጎ አይቆፈርም» አሉኝ። በያዙት ዱላ አቧራው ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ መስመር ሳሉ። «ቀጥ ካለ ጠላት በአንድ ጫፍ ገብቶ በአንድ መትረየስ ሁሉንም ያጭደዋል። መድፍም ቢወድቅበት ፍንጣሪው እስከ ዳር ይሄዳል። ከታጠፈ ግን ግድግዳው ያስቀረዋል።»

ተማሪዎቼ ከበውን ነበር። ፊቴ ጋለ። «አንተ በርህን ጠብቅ» አልኳቸው። በዕድሜ ታላቄን፣ ልጆች ፊት፣ አንተ። «እሺ መምህር» ብለው የሳሉትን በጫማቸው አጠፉት።

ቆይቼ ከአውሮፕላን የተነሱ የዚያን ጦርነት ፎቶግራፎች አየሁ። መስመሩ እሳቸው እንደሳሉት ነበር። ያኔ ሥራውን ለቀው ሄደዋል፤ ወዴት እንደሄዱ ስጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። ስማቸውን እንኳ አልያዝኩም፤ ሁላችንም «ዘበኛው» ነበር የምንላቸው።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ከእነዚያ ተማሪዎች የዘመቱ ነበሩ። አንዱ በጾረና በኩል ቆይቶ ተመለሰና ሻይ ቤት አገኘሁት። «መምህር፣ ምሽግ ስንቆፍር እኚያ ዘበኛ ትዝ አሉኝ» አለኝ። እኔ ያስተማርኩትን አላነሳም።

ስለ አጠናን አልመክራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ግን ጦርነትን በስልክ በደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ የገባችሁ ይመስላችኋል፣ ጥያቄም አትጠይቁም። ይህን ያህል ያስጻፈኝ ግን የአንዲት ልጅ ጥያቄ ነውና ፍርዴን በዚህ ላይ አላጸናም።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1916 ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ወንዝ አካባቢ እንግሊዞች የጀርመንን ምሽግ ሳምንት ሙሉ በመድፍ ከደበደቡ በኋላ ለማጥቃት ከምሽጋቸው ወጡ። ጀርመኖች ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተርፈው ነበር፤ ምሽጉ ፊት የተዘረጋው እሾሃማ ሽቦም በብዙ ቦታ አልተቆረጠም። ከእንግሊዝ ጦር በአንድ ቀን ከ57 ሺህ በላይ ሰው ተጎዳ፣ ከእነዚህ ከ19 ሺህ በላይ ሞተ። ቁጥሩን ለፈተና አስይዤ አስተምሬዋለሁ። እርጥብ ካልሲ ለሳምንት እግር ላይ ሲቆይ ሥጋው እንዴት እንደሚነፋና እንደሚበሰብስ፣ መኮንኖች የወታደሩን እግር እየዞሩ ያዩ እንደነበር ግን አላስተማርኩም።

ልጅቷ አያቷ የቀድሞ ወታደር መሆናቸውን ነገረችኝ። «ስንት ሰው ገደሉ ብለሽ እንዳትጠይቂ» አልኳት። «ውሃ በምን ይመጣላችሁ ነበር? ዝናብ ሲዘንብ የት ትተኙ ነበር? በያቸው።» ቅዳሜ ሄዳ ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ አለችኝ፤ ከዚያ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ስለ አንዲት የውሃ ጀሪካን አወሩ።