ጥያቄ፦ የጋሪ ፈረሴ ከስቶብኛል፣ ፉርሽካ ጠዋት ማታ ነው የምሰጠው፣ የዶሮ መኖና ቫይታሚን ልጨምርለት?
መልስ፦ ወንድሜ የዶሮ መኖውን ነገር እርሳው፣ በጭራሽ እንዳታስጠጋው። አንዳንዱ ላይ ሞኔንሲን የሚባል መድሃኒት ይጨመርበታል፣ ለዶሮ የኮክሲዲያ (የአንጀት ተውሳክ) መከላከያ ነው፣ ፈረስን ግን የልብ ጡንቻውን ነው የሚያጠቃው፣ ትንሹም ሊገድለው ይችላል። ጓደኛህ "የኔ በልቶ ምንም አልሆነም" ካለህ እድለኛ ነው በቃ።

ፉርሽካውን ጠዋት ማታ ነው የምሰጠው ብለሃል፣ ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ ካልሲየሙ ትንሽ ስለሆነ ለወራት ዋና ምግቡ ካደረግከው ካልሲየሙን ከአጥንቱ እየሳበ ይሄዳል፣ የፊቱ አጥንት ሁሉ ሊያብጥ ይችላል። አልፋልፋ ካገኘህ ትንሽ ያመጣጥነዋል። ዋናው ግን ድርቆሽ ነው፣ 300 ኪሎ የሚሆን ፈረስ በቀን ቢያንስ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይፈልጋል። ገብስ ከሰጠኸው በአንዴ ከ1 ኪሎ ተኩል እንዳታሳልፍ፣ ከፋፍለህ ስጠው፣ አዲስ ነገር ስታስገባም በ10 ቀን ውስጥ ቀስ እያልክ፣ አለዚያ ሆድ ቁርጠት ነው የሚጠብቅህ። ድርቆሹን ፈታ አድርገህ አሽትተው፣ ነጭ አቧራ ከቦነነ ወይ ሻጋታ ሻጋታ ካለህ ጣለው፣ ደሞ ለላሟ ይሁን እንዳትል 😄

ቫይታሚኑ? እኔ ብሆን ብሬን አላወጣም። አሞሌ ጨው አስቀምጥለት ይላስ፣ ጋሪ ሲጎትት በላብ የሚወጣው ጨው ነውና፣ ውሃም እስኪጠግብ። ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን ያለባቸውን ሁለት ዓይነት ቫይታሚን ደርበህ እንዳትሰጠው ብቻ፣ ሲበዛ መርዝ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ጥርሱን ለእንስሳት ሐኪም አሳይ፣ ሳሩን አላምጦ ጠቅልሎ የሚተፋ ከሆነ ምንም ብታበላው አይወፍርም። የትል መድሃኒትስ መቼ ነው የወሰደው?